«ታታሪ ነበሩ» ብዬ ልለፈው? የጆርጂያውን ገበሬ አያት ታሪክ ስለመጻፍ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አትላንታ ነው። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ዘመዶቹ ደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ ውስጥ ከአልባኒ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው የሚኖሩት። አያቱ ባለፈው መኸር በ93 ዓመታቸው አረፉ። ቤተሰቡ ሁሉ ፓፓ ነው የሚላቸው፣ እኔም ፓፓ ነበር የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ ነበሩ፣ በኋላም የራሳቸውን መሬት ገዝተው፣ ጥጥና ኦቾሎኒ። ኮርያ ዘምተዋል። በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን ነበሩ። ሰባት ልጆች አሳድገዋል። ሚስታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ደግሞ እስኪያርፉ ድረስ ራሳቸው ነበሩ የሚያጥቧቸው፣ የሚያበሏቸው።

ጁላይ ላይ ዘመድ ሁሉ ከዲትሮይትም ከፊላደልፊያም መጥቶ ይሰበሰባል። ለዚያ ቀን ትንሽ መጽሔት ይታተማል፣ የባለቤቴ አክስቶች የፓፓን ታሪክ አንቺ ጻፊው አሉኝ። በረንዳ ላይ አብሬያቸው እየተቀመጥኩ ባቄላ ስለምፈለፍል ነው መሰለኝ። ለእናቴም አዲስ አበባ ስደውል በአማርኛ ላነብላት እፈልጋለሁ። ግን «ታታሪ፣ ትሑት፣ ቤተሰቡን የሚወድ» ከማለት አላልፍ አልኩ። የቀብሩ ፕሮግራም ላይም የተጻፈው ይኸው ነው።

ሌላው ደግሞ ከባድ ነገሮች አሉ። በልጅነታቸው አባታቸው በሰው መሬት በእኩል ነበር የሚያርሱት፣ ዓመት ሙሉ ሠርተው የሚተርፋቸው ዕዳ ነበር። ፓፓ እስከ ሠላሳ ምናምን ዓመታቸው ድረስ መምረጥ አልቻሉም። አንዷ አክስት «የደስታ ቀን ነው፣ እሱን ተዪው» ትላለች። እናቴም ሙት ወቃሽ አትሁኚ አለችኝ። ፓፓ ራሳቸው ብዙ አያወሩም ነበር። «ኮርያ ላይ የእናንተን ወታደሮች አይቻለሁ» ብለውኛል፣ ከዚያ ያለፈ አልነገሩኝም። ከየት ልጀምር?

ምራት ነኝ፣ ከአትላንታ

መልስ

ውድ ምራት፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ለባለቤትሽም ለአክስቶቹም መጽናናቱን ይስጣቸው።

«ራሳቸው ነበሩ የሚያጥቧቸው፣ የሚያበሏቸው» ብለሻል። እህቴ፣ ጽሑፍሽ እሱ ነው። «ቤተሰቡን የሚወድ» የሚለውን ሰርዢና ይህን ጻፊ። ግን እዚያ አትቁሚ፣ ዝርዝሩን ፈልጊ። ጠዋት ስንት ሰዓት ነበር የሚነሱት? ውሃውን የሚያሞቁት በምን ነበር? የሚስታቸውን ፀጉር ማን ይሠራላቸው ነበር? ምናልባት ፓፓ ራሳቸው መጎንጎን ለምደው ይሆን? ግሪትሱን (የበቆሎ ገንፎውን) በማንኪያ ሲያበሏቸው ያወሯቸው ነበር ወይስ ዝም ይሉ ነበር? ከአክስቶቹ አንዷ ይህን በዓይኗ አይታለች። ቡና አፍልተሽ አስቀምጫትና ጠይቂያት። በቅሎ ሲነዳና ኦቾሎኒ ሲነቅል የኖረ እጅ የታመመች ሚስቱን ሲያበጥር ምን እንደሚመስል ያየችው እሷ ናት። ለዚህ አንድ ሙሉ አንቀጽ ስጪው፣ ከቻልሽ የመጀመሪያውን።

ከባድ ስላልሽው ነገር ከአክስትየዋ ጋር አልስማማም፣ በአክብሮት። አንድ ሰው ጽኑ ነበር የሚባለው የተሸከመው ነገር ስላለ ነው። ሸክሙን ከጽሑፉ ካወጣሽው ልጆችሽ ፓፓ ማለት በረንዳ ላይ የሚቀመጡ ደግ ሽማግሌ ብቻ ይመስሏቸዋል። ሙት ወቃሽነትም እዚህ ውስጥ የለም። ዕዳው የፓፓም የአባታቸውም ጥፋት አልነበረም።

በእኩል ማረስን ለእናትሽ ማብራራት አያስፈልግሽም፣ እኛ ዘንድ ጭሰኛ የነበረ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ለልጆችሽ ግን አስረጂያቸው። ባለመሬቱ መሬቱን፣ ጎጆውን፣ በቅሎውንና ዘሩን ያቀርባል። ገበሬው ከነልጆቹ ይሠራል። ጥጡ ሲሸጥ እኩል ይካፈላሉ። እስከ መከር የሚበላ ስለሌለ ግን ገበሬው ዱቄቱንም ስቡንም ጫማውንም በዱቤ ይወስዳል፣ ከነወለዱ። መዝገቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜ የገበሬው ድርሻ ዕዳውን አይሸፍንም፣ የቀረው ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ጥቁር ገበሬ «መዝገቡ ልክ አይደለም» ብሎ ነጭ ባለመሬት ፊት መከራከር ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችል ነበር። ፓፓ ያደጉት አባታቸው ያንን ሒሳብ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀበሉ እያዩ ነው። ከዚያ ቤት ወጥቶ የራሱን መሬት ያረሰ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያኔ ይገባሻል።

ሥራውን ራሱን ጻፊው። ጥጥ ኤፕሪል ላይ ይዘራል። በሜይና በጁን በዶማ ይሳሳል፣ ይታረማል። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል። ለቃሚው ረጅም ከረጢት በትከሻው አንጠልጥሎ እየጎተተ በሁለቱ መስመር መሀል ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። የደረቀው ቅርፊት ጫፉ ሹል ነው፣ የጥፍርን ሥር ይቦጫጭራል። ጎበዝ ለቃሚ በቀን 200 ፓውንድ ይለቅማል፣ ወደ 90 ኪሎ ማለት ነው። ጥጥ ደግሞ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ባሌ (አንድ ትልቅ እሽግ) የተዳመጠ ጥጥ ለማግኘት ወደ 1,500 ፓውንድ ያልተዳመጠ ያስፈልጋል። ይህ ልጆቹ የሚገባቸው ቁጥር ነው፣ በትምህርት ቤት ቦርሳቸው ክብደት አስልተሽ ንገሪያቸው።

ኦቾሎኒውም የራሱ ታሪክ አለው። የዛሬው ማሽን ከመምጣቱ በፊት ተክሉ ተነቅሎ፣ አፈሩ ተራግፎ፣ መሬት ላይ በተተከለ እንጨት ዙሪያ ይከመርና ለሳምንታት ይደርቅ ነበር። ማሳው ሙሉ የቆመ ሰው ይመስል ነበር ይላሉ ያዩት። ፓፓ በወጣትነታቸው ይህንን ሳይሠሩ አልቀሩም። የዚያ ዘመን ፎቶ ካለ አክስቶቹ ጋ ይገኛል።

ትምህርትስ? በዚያ አካባቢ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በጥጡ ወቅት ነበር። ከ1912 እስከ 1932 ድረስ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ የተባለ የቺካጎ ነጋዴ ከጥቁሩ የትምህርት መሪ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር በጀመረው ሥራ በአሜሪካ ደቡብ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል፣ ጥቁር ገበሬዎቹም ከኪሳቸው አዋጥተው፣ እንጨት አቅርበው፣ በጉልበታቸው ሠርተው። ፓፓ የተማሩት ከእነዚህ በአንዱ ይሁን አይሁን ጠይቂ። የ1940ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ እያንዳንዱ ሰው እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ ተጽፏል። ፓፓ ያኔ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፣ የወላጆቻቸውንም ክፍል እዚያው ታገኛለሽ። ቤቱ የራሳቸው ይሁን ኪራይ እሱም ተጽፏል። የቆጠራ መዝገብ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል፣ ሁለቱንም በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። ስም በተሳሳተ ፊደል የተጻፈበት ብዙ ነውና ስማቸውን ብታጪ የጎረቤት ስም እየፈለግሽ ገጽ በገጽ ሂጂ።

አሁን ኮርያ። ይህ ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ልብ የሚነካ ነው። ከኢትዮጵያ የተላከው የቃኘው ሻለቃ ኮርያ የደረሰው በሜይ 1951 ነው። የተመደበውም በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነበር። ከ120 በላይ ወታደሮቻችን እዚያ ወድቀዋል፣ አንድም ግን ምርኮኛ አልሰጡም። ስለዚህ ፓፓ «አይቻለሁ» ሲሉ ምናልባት በዚሁ ክፍለ ጦር ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ነበሩ ማለት ነው። እሳቸው በሄዱበት ዘመን የአሜሪካ ጦር ነጭና ጥቁሩን ገና መቀላቀሉ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን የመቀላቀሉን ትእዛዝ የፈረመው በጁላይ 1948 ነው፣ ተግባር ላይ የዋለው ግን በአብዛኛው በዚያው ጦርነት መሀል ነው። የጥቁሮች ብቻ የነበረው 24ኛ ሬጅመንት የፈረሰው በኦክቶበር 1951 ነው። እስቲ አስቢው፣ ከጥጥ ማሳ ወጥቶ፣ በአገሩ አውቶቡስ ከኋላ ተቀምጦ የሄደ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ኮርያ ላይ የራሳቸው ጥቁር መኮንኖች የሚያዟቸው፣ በንጉሣቸው ስም የሚዋጉ ጥቁር ወታደሮች ሲያይ። ምን እንደተሰማቸው አልነገሩሽም። አንቺም አትፍጠሪላቸው። ያሏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳለች ጻፊያት፣ ከሥሯ ቃኘው ማን እንደነበር አስረጂ፣ ይበቃል።

የውትድርና ማህደራቸውን ስትጠይቂ «ተቃጥሏል» ልትባዪ ትችያለሽ። እውነት ነው። በጁላይ 1973 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው መዝገብ ቤት እሳት ተነሥቶ ከ1912 እስከ 1959 ድረስ ከተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት ማህደር 80 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። ተስፋ አትቁረጪ ግን። ብዙ ተሰናባቾች የስንብት ወረቀታቸውን በካውንቲያቸው ፍርድ ቤት ያስመዘግቡ ነበር፣ እዚያ ጠይቂ። ወረቀቱ ከተገኘ መቃብራቸው ላይ የሚቆም የአርበኛ ድንጋይ ከመንግሥት በነፃ ማግኘት ይቻላል። እስካሁን ካልተጠየቀ አሁንም አልረፈደም።

ፍርድ ቤቱ ከሄድሽ ዘንድ የመሬቱን ሰነድም ፈልጊ። ለእኔ ከጽሑፉ ሁሉ ትልቁ ቀን መሬቱን የገዙበት ቀን ነው። መዝገቡ በገዢና በሻጭ ስም የተደረደረ ነው፣ የፓፓን ስም በገዢው በኩል ትፈልጊያለሽ። ቀኑ፣ ስንት ኤከር እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛ እዚያው አለ። ቅጂውን በትንሽ ገንዘብ ይሰጡሻል፣ መጽሔቱ ላይ ሙሉ ገጽ አድርጊው። ይህ ለምን ትልቅ እንደሆነ ልንገርሽ። በ1920 በአሜሪካ ከ900 ሺህ በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ20 ሺህ በታች ወርደዋል። ብድር ሲጠይቁ እየተከለከሉ ወይም የዘር ወቅቱ ካለፈ በኋላ እየተሰጣቸው። የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት በዚህ ተከስሶ በ1999 ፒግፎርድ በሚባለው መዝገብ ስምምነት ተደርጓል፣ ብዙዎች እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዶላር ተከፍሏቸዋል። ፓፓ በ1980ዎቹ ያርሱ ስለነበር ከዚያ የቀረ ወረቀት በአንዱ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መሬቱን እንደያዙ ዘጠና ዓመታቸውን ካለፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ምን ሲታገሉ እንደኖሩ ይኸው ወረቀት ይነግርሻል።

ስለ ምርጫው ደግሞ። አልባኒና ዙሪያዋ በዚህ ታሪክ የታወቁ ናቸው። የአልባኒ ንቅናቄ የሚባለው የጥቁሮች የመብት ትግል የተጀመረው በኖቬምበር 1961 ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግም እዚያ ታስሯል። በኦገስትና በሴፕቴምበር 1962 በጎረቤት ሊ እና ቴሬል ካውንቲዎች ከመራጮች ምዝገባ ጋር ንክኪ የነበራቸው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። የመምረጥ መብት ሕጉ የተፈረመው በኦገስት 1965 ነው። ፓፓ በዚያ ሁሉ መሀል የሠላሳ ምናምን ዓመት ዲያቆንና የልጆች አባት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ያኔ ስብሰባ ያደርግ ነበር? መጀመሪያ ለመመዝገብ የሄዱት ከማን ጋር ነው? አክስቶቹ ያኔ ትንንሽ ልጆች ናቸው፣ ግን ልጅ ያንን ዓይነት ሌሊት አይረሳም። «ተዪው» የምትልሽ አክስት ብዙ የምታስታውሰው እሷ ትሆን ይሆናል። አትጫኛት። ብቻ ጠይቂያትና ዝም ብለሽ ጠብቂ።

አንድ ጥያቄ ግን ለሁሉም አንሺ፣ ለምን ቀሩ? ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ወደ 6 ሚሊዮን ጥቁሮች ደቡቡን ለቀው ወደ ሰሜንና ምዕራብ ሄደዋል። ጁላይ ላይ ከዲትሮይት የሚመጡት ዘመዶች የዚያ ልጆች ናቸው። የፓፓ ወንድሞችና እህቶች ምናልባት ፋብሪካ ገብተው በሳምንት የሚያገኙት እሳቸው ከወር በላይ የሚለፉበት ነበር። እሳቸው ቀሩ። እናታቸውን ለመጦር ይሁን፣ መሬቱን ላለመልቀቅ ይሁን፣ ሚስታቸው አልሄድም ብለው ይሁን፣ አላውቅም። ግን ዘመድ ሁሉ ዛሬ የሚሰበሰብበት ግቢ ያለው እሳቸው ስለቀሩ ነው። እኛ ስደተኞች ስለሄደ ሰው ብዙ ጽፈናል፣ የቀረውን ግን እንረሳዋለን።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር በአጭሩ። የዚያ ዘመን ዲያቆናት ቄሱ ከመምጣቱ በፊት መዝሙሩን አንድ መስመር በዜማ ያወጣሉ፣ ሕዝቡ እያጓተተ ይቀበላል። ፓፓ የሚያወጡት የትኛውን ነበር? የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ በስልክሽ ቅጂ። እናትሽ ያንን ድምፅ ብትሰማ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ፓፓን ታውቃቸዋለች።

የቀብሩን ፕሮግራም አትናቂው። ልደትና ዕረፍትን ፀሐይ የወጣችበትና የጠለቀችበት ቀን ብለው የሚያትሙት ያ ወረቀት በደቡቡ ቤቶች ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ መሀል ይቀመጣል። የአክስቶቹን መጽሐፍ ቅዱሶች ክፈቺ። የቅድመ አያቶቹን ስም የምታገኚው እዚያ ነው።

ከሁለት ገጽ አታስበልጪው። ከሚስታቸው ጀምሪ፣ ከዚያ ወደ አባታቸው ሒሳብ ተመለሺ፣ ኮርያን፣ መሬቱን፣ ምዝገባውን አስከትዪ። ትንንሽ ነገርም አትርሺ፣ አሳማ የሚታረደው ብርዱ ሲገባ እንደነበር፣ ግቢው ሣር ሳይኖረው በቅርንጫፍ መጥረጊያ ይጠረግ ከነበረ፣ ቤቱ መብራት መቼ እንደገባለት። «ታታሪ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አትጠቀሚ።

ጥያቄ

አማቴ ምሥራቅ ቴክሳስ ገጠር ያደጉ የ86 ዓመት ሰው ናቸው፣ በሕይወት አሉ፣ ተመስገን። ታሪካቸውን ልቅዳ ብዬ ስልኬን ሳወጣ «ምንም የሚወራ የለኝም» ይላሉ። ምን ላድርግ?

ከሂውስተን

መልስ

ወንድሜ፣ «ታሪክዎን ይንገሩኝ» አትበላቸው፣ ጥያቄው ትልቅ ነው። ዕቃ ያዝ። አሮጌ ዶማ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የቡና ጣሳ፣ ምንም ይሁን። «ይሄ ምን ይሠራ ነበር?» በላቸው። ወይም በመኪና ያደጉበት መንገድ ውሰዳቸው፣ አጠገብህ ተቀምጠው ወደ ፊት እያዩ ሲሄዱ ይቀላቸዋል። እየቀዳህ መሆኑን ግን ንገራቸው፣ ሳያውቁ መቅዳት ነውር ነው። ወታደር ከነበሩ ኮንግረስ በ2000 ያቋቋመው የአርበኞች ታሪክ ፕሮጀክት አለ፣ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ ቃለ ምልልስ ተቀብሎ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጣል። በዚህ ሳምንት ጀምር። 86 ዓመት ነው።

ጥያቄ

የባለቤቴ አያት ጆርጂያ ውስጥ መሬት ትተው አረፉ፣ ኑዛዜ የለም። አሁን ወራሹ ብዙ ነው፣ አንዱ የአጎት ልጅ ድርሻዬን ልሽጥ ይላል። መሬቱን ልናጣው እንችላለን?

ስሜ ይቆይ

መልስ

ልታጡት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ቶሎ በሉ። ኑዛዜ ሳይኖር የወረደ መሬት የሁሉም ወራሽ የጋራ ይሆናል። አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው ከሸጠ ገዢው መሬቱ ሁሉ ይሸጥ ብሎ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፣ በደቡቡ ብዙ የጥቁሮች መሬት የጠፋውም በዚህ መንገድ ነው። ጆርጂያ ግን በ2012 ወራሾችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ፍርድ ቤቱ መሬቱን ያስገምታል፣ ሽያጭ የጠየቀውን ሰው ድርሻ ሌሎቹ ባለድርሻዎች በግምቱ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። ዛሬውኑ የግብሩ ደረሰኝ መከፈሉን አረጋግጡ፣ ማን እንደከፈለም ያዙ። የወራሾችን ስም ከነልጆቻቸው በአንድ ወረቀት ጻፉ፣ የሞቱትንም ጭምር። ከዚያ አትላንታ የሚገኘውን የጆርጂያ የወራሾች ንብረት ሕግ ማእከል አናግሩ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። የአጎትን ልጅ ደግሞ አትጣሉት። ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ ቤተሰቡ አዋጥቶ ድርሻውን ይግዛው።